ከእኛ በኩል አርባ ሰው

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። የታመመ የለም፣ የሞተ የለም፤ እንዲያውም ሰርግ ነው የያዝነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ሐይቅ መምጣት ሲጀምር ደግሞ ባሰብኝ፤ ቡናውንም ሳልጨርሰው ተነሣሁ።

ትንሿ እህቴ ትናንት ማታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እታለም፣ ከእኛ በኩል አርባ ሰው ብቻ ጻፊልኝ። ሆቴሉ ከዚያ በላይ አይቀበልም» ትላለች። ሰርጉ ዛንዚባር ነው፣ የታንዛኒያዋ ደሴት። የሙሽራው ወገኖችም እኛም እኩል የምንጓዝበት፣ ሞቃት፣ ነጭ አሸዋ ያለው የባሕር ዳርቻ ብላ እሷው ናት የመረጠችው። የሰማሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል። ግን ወረቀት አውጥቼ እማዬን አንድ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ። ሁለተኛ ማንን ልጻፍ? ክርስትና እናቷን? እማዬ ሥራ ስትሄድ ከልጆቿ እኩል አብልታ ያሳደገቻትን ጎረቤታችንን?

የእኛ ሰፈር ሰርግ ሰው ሲቆጠርበት አይቼ አላውቅም። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን እድር ያወጣል። ጌሾ የሚወቅጡት፣ ጠላ የሚጠምቁት፣ ሽንኩርቱን ዓይናቸው እያነባ የሚከትፉት፣ ዶሮውን ሲገነጥሉ የሚያነጉት ሴቶች ጥሪ አይጠብቁም። የጥሪ ወረቀት ቢሰጣቸውም ለወጉ ያህል ነው። ትንሿ ስትወለድ ገንፎ ያገነፉት፣ አባታችን ሲያርፍ አርባውን አብረውን ያመሹት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው ፓስፖርት ያላት አንዲት እንኳ ያለች አይመስለኝም።

ቀን መምረጡ ለእኔ ነው የተሰጠው፤ እሱን ወድጄዋለሁ። ዛንዚባር በዓመት ሁለት ዝናብ አላት። ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ማሲካ ይሉታል። ትንሹ ቩሊ ይባላል፤ ኅዳር ላይ ነው የሚበረታው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደረቅና ነፋሻማ ስለሆነ ፈረንጆች ያንን ይመርጣሉ። እኛ ግን በሰኔ የሐዋርያት ጾም አለብን፣ በነሐሴ ፍልሰታ። ከፋሲካ በኋላ እንዳንል፣ የእኛ የሰርግ ወቅት ለእነሱ የዋናው ዝናብ ጊዜ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ደግሞ የነቢያት ጾም። ቢዞር ቢዞር የሚቀረው ጥር ነው፤ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። እዚያም በዚያን ጊዜ ትንሹ ዝናብ አልፏል፣ ትልቁ ገና ነው። እዚህ ባሕር ዳር ከተማ በየመንገዱ የሙሽራ መኪና ክላክስ የሚሰማበት ወር ለዛንዚባርም ልክ ሆኖ ሳገኘው ለብቻዬ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ሙቀቱ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከነወበቁ። እኛ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምንኖር የጥር ሌሊት ጋቢ ያስፈልገናል፤ እዚያ ከፋይ ካባ ደርቦ መቆም አይታሰብም። የሀበሻ ቀሚሱም ከስስ ፈትል መሠራት አለበት፤ ሸማኔው ከአሁኑ ይነገረው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከእኛ ሀገር ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። እማዬ ከ60 አልፋለች፤ በእሷ ዕድሜ ክትባቱ ሐኪም ሳያማክሩ የሚወሰድ ስላልሆነ አስቀድሜ ልወስዳት ይገባል።

እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቅዳሴውስ የት ነው?» አለችኝ። ቁርባኑ እዚሁ እሁድ ጠዋት ተፈጽሞ፣ መልሱም እዚሁ ተበልቶ፣ ወደ ባሕሩ በሳምንቱ እንሂድ ብዬ ለትንሿ ጻፍኩላት። እንዲያ ከሆነ ጎረቤቶቻችንም ወጋቸውን ያገኛሉ። እስካሁን አልመለሰችልኝም። ለእማዬ ግን የሚያስደስታት ነገር አገኘሁላት። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ካሉ የእኛው አንድ ሰዓት ነው። ስነግራት ትንሽ አሰብ አድርጋ «እንግዲያው ሀገራችን ነዋ» አለች።

መጀመሪያ ላይ እዚሁ ይሁን ብዬ ለምኛት ነበር። ሐይቁ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር እናድርገው፣ በ2016 ግንቦት የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ ታያላችሁ፣ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥታችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ፣ በጀልባ ዘጌ ተሻግራችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ትሳለማላችሁ አልኳት። ዑራ ለሴትም ክፍት ነው፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ቢሆኑ እሱ ገብቶ እሷ ጀልባ ላይ ልትቀር ነው። ሁሉንም ከሰማችኝ በኋላ ቀስ ብላ «ጣና እኮ ሐይቅ ነው፣ እታለም። እኔ ባሕር ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ያን ጊዜ የሙሽራ አምሮት ነው ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ግን ቃሏ ተመልሶ መጣብኝና የአባታችንን ድምፅ ይዞ መጣ።

አባታችን የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ከአሰብ ጭኖ ሚሌንና ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ይገባል፤ የአፋሩን በረሃ ሙቀቱን ሸሽቶ ሌሊት ሌሊት ነው የሚያቋርጠው። እኛ ጋ የሚደርሰው በወልድያና በደብረ ታቦር ዞሮ ነው። ቴምር ያመጣልናል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ መስመር ሠርቶበት ይመጣል፤ እማዬ ያንን ሸሚዝ ስታጥብ «ባሕሩን ተሸክሞት መጣ» ትል ነበር። እግሩን ከታጠበ በኋላ ትንሿን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስለ ባሕሩ ያወራናል። ባሕሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል ይለናል። ውኃው ሲሸሽ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተጋድመው ይውላሉ፣ ኋላ መጥቶ ያነሣቸዋል። እኔ የጣና ልጅ ነኝ። የእኛ ውኃ ክረምቱን ሲጠራቀም ከርሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ከዚያ እስከ ሰኔ ቀስ እያለ ይጎድላል። በአንድ ቀን ሄዶ የሚመለስ ውኃ አለ ቢሉኝ ተረት ነበር የሚመስለኝ። ትንሿ ግን ዓይኗን ከአፉ አትነቅልም። «እኔንም ውሰደኝ» ትለዋለች። «ስድርሽ እወስድሻለሁ» ይላታል፤ ያን ጊዜ ለልጅ የሚባል ነገር ነው።

በ1990 ግንቦት የኤርትራ ጦርነት መጣ፣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የሀገሩ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እሱም ዞረ። ጅቡቲም ባሕር አላት፤ ስለ ጅቡቲ ባሕር ግን አንድም ቀን ሲያወራ አልሰማሁም። ቴምሩም ቀረ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው አለፈ። ትንሿ መንገዱ ሲዘጋ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ማታ ስለ ሆቴሉ አካባቢ ሳነብ ቆየሁ። ሆቴሉ ፓጄ ነው፣ በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል። እዚያ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል፤ ሴቶች በእግራቸው ገብተው ባሕር ውስጥ የሚያለሙትን ተክል ይሰበስባሉ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሽሽቱ ይብሳል። ሰሜን ጫፍ ያለው ኑንግዊ ግን ብዙ ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ ይዋኝበታል። ለሰርግ እሱ ይሻላል፣ ሰዓቱን ሳትጠብቂ ከውኃው አጠገብ ቆመሽ ቃል ትገቢያለሽ ብዬ ልጽፍላት ስልኬን አነሣሁ። ግማሹን ጽፌ አጠፋሁት።

ውኃው የሚሄድበትን ዳርቻ ፈልጋ ከሆነስ የመረጠችው? ከሆነ ለምን አልነገረችኝም? ምናልባት ሆቴሉ ስለረከሰ ብቻ ይሆናል፣ ወይም ፎቶው አምሮባት። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ጭን ላይ ተቀምጣ የሰማችውን ምን ያህል ትይዛለች? እማዬን ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት፤ ስለ አሰብ ካነሣንባት እንቅልፍ የላትም። ትንሿ ረስታው ከሆነ፣ ልትሞሸር ወራት ሲቀሯት አባትሽ እንዲህ ብሎሽ ነበር ብሎ መንገር ደስታ ነው የሚሰጣት ወይስ ሸክም? ይዛው ከሆነ ደግሞ፣ እኔ እስክጠይቃት እየጠበቀች ቢሆንስ?