«ተ» እና «ሀ»ን በእርሳስ ያስተማርኩበት ደብተር

ታናሽ ወንድሜ «ቆይ፣ ማሽኑ የተማረው የቱ ጋ ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ፊደል መለየት የሚማረውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይሠራል። ግን ጣቴን አሳርፌ «እዚህ ጋ» የምለው ቦታ አልነበረኝም። ስለዚህ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይዘን ተቀመጥን።

አምስት በአምስት፣ 25 ካሬ። ለ«ተ» መሃለኛውን አምድና ሁለተኛውን ረድፍ አጠቆርኩ፤ 9 ካሬ። ለ«ሀ» ሁለቱን ጎንና የታችኛውን ረድፍ፤ 13። ከዚያ ለእያንዳንዱ ካሬ ክብደት፣ ማለትም አንድ ቁጥር፣ ሰጠሁ፤ መጀመሪያ ሁሉም 0። የጠቆሩት ካሬዎች ክብደት ተደምሮ ከ0 ከበለጠ መልሱ «ተ» ነው፣ ካልበለጠ «ሀ»። ገደቡ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ዋረን ማካላክና ዋልተር ፒትስ የነርቭ ሕዋስን በሒሳብ ሲገልጹ ሐሳባቸው ይህ ነበር፦ ድምሩ ገደቡ ላይ ከደረሰ ሕዋሱ ይነሳል፣ ካልደረሰ ዝም ይላል።

«ተ»ን ለደብተሩ «ማሽን» አሳየሁት። ድምሩ 0፤ «ሀ» አለ። ስለተሳሳተ ለ9ኙ ካሬዎች 1 ጨመርኩ። «ሀ»ን አሳየሁት። ሁለቱ ፊደላት ሦስት ካሬ ስለሚጋሩ ድምሩ 3 ሆነ፤ «ተ» አለ። ከ13ቱ 1 ቀነስኩ። እንደገና «ተ»፦ 6። «ሀ»፦ -10። ሁለቱንም አወቀ! በሁለት እርማት ብቻ። ያኔ ላጲሱ የነካቸውን ካሬዎች ለወንድሜ አሳየሁት። የተማረው እዚያ ነው።

ከምሳሌ የሚማረው ቀደምት ማሽን፣ የተመራማሪው ፍራንክ ሮዘንብላት ማርክ 1 ፐርሴፕትሮንም፣ የገባኝ ይሄኔ ነው። በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ፣ ኮርኔል ኤሮኖቲካል ላቦራቶሪ የተሠራው ይህ ማሽን 20 በ20 የተደረደሩ 400 የብርሃን ሴሎች ነበሩት። ክብደቱን የሚይዘው እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞር ፖቴንሺዮሜትር ሲሆን የሚያዞረው ሞተር ነው። የእኔ ላጲስ የእሱን ሞተር ሥራ እየሠራ ነበር። ኮድ ብቻ ሳነብ ይህ ፈጽሞ አልታየኝም።

ትልቁ ትምህርት ግን ቀጥሎ መጣ። «ተ»ን ሁለት አምድ ወደ ግራ ገፋሁት፤ ከ25ቱ ካሬ የወጣው ክፍል ቀረ። ድምሩ -2፤ «ሀ» አለ። ልጅ እንኳ የማይስተውን ፊደል! ለካ የሚያውቀው ካሬዎችን እንጂ ቅርጹን አይደለም። አረምኩት፤ ሦስቱንም በትክክል መለሰ። አሁን ሁለት አምድ ወደ ቀኝ ገፋሁት። -1፤ እንደገና «ሀ»።

ወንድሜ እርሳሱን ተቀበለኝና አራተኛውን እርማት ራሱ ጻፈ።