ውሃ የሚያስገባ ሰንሩፍ፦ ከአሮጌ መኪና ጣሪያ ላይ አውርዶ ማደስ

ሰንሩፍ (የመኪናው ጣሪያ ላይ ያለው ተከፋች መስኮት) ውሃ ሲያስገባ ብዙ ሰው ጎሚኒውን ቀይሮ ያርፋል። ጎሚኒው ግን ውሃውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያግድም፤ ያለፈውን ከስር ያለው አሸንዳ ተቀብሎ በማዕዘኖቹ ላይ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ አሸንዳው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱና ከመኪናው ስር መውጣቱን እዩ። ካልወጣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር የናይለን ገመድ ወደ ቱቦው አስገቡ። በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ይወልቅና ውሃው የጣሪያው ጨርቅ ላይ ይፈስሳል።

በብዙዎቹ ባለ ላሜራ ክዳኖች ላይ አፈታቱ እንዲህ ነው፦ ክዳኑን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታችሁ የውስጥ ልባሱን የፊት ክሊፖች በፕላስቲክ መፈልቀቂያ አላቅቁ፤ ልባሱን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉ። ክዳኑን የያዙትን ብሎኖች ከመፍታታችሁ በፊት ቦታቸውን በጭረት ምልክት አድርጉ። ክዳኑ ወደ ላይ ይነሳል፤ ቀለም እንዳይጫር ሁለት ሰው ይያዘው።

ዝገቱ የሚደበቀው ጎሚኒው በሚቀመጥበት የላሜራ እጥፋት ውስጥ ነው። እዚያ ጋ ቀለሙ እንደ ውሃ ቋጠሮ አብጦ በጥፍር ሲነካ ከተቀረፈ፣ ንጹህ ብረት እስኪታይ ፍቃችሁ ኢፖክሲ ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል የስር ቀለም) ቀቡ። ስቱኮ በባዶ ዝገት ላይ ፈጽሞ አይሆንም።

ክዳኑን በግራና በቀኝ ከሚያንቀሳቅሱት ሁለት ባለ ጥርስ ኬብሎች ላይ የጠጠረውን ግሪስ አጥባችሁ አዲስ በስሱ ቀቡ። ሲመለሱ ግራና ቀኙ በአንድ ጥርስ እንኳ ከተዛነፈ ክዳኑ ተጣሞ ይነክሳል። በመጨረሻም የክዳኑ ፊት ከጣሪያው እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ፣ ኋላው እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከተገላበጠ ነፋሱ ያፏጫል።