የእድር ድንኳን በፕላን ላይ ቦታ እንዲኖረው ያደረግሁት ጥረት

እኛ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች የአካባቢ ልማት ፕላን (የአንድን ሰፈር የመሬት አጠቃቀም በዝርዝር የሚወስን ፕላን) ስንጀምር የምንቀበለው መሠረታዊ ካርታ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ የተዘጋጀ ስለሆነ የሚያሳየው ጣሪያ ነው። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ግን በአንድ ቆርቆሮ ሥር ብዙ አባወራ ይኖራል፤ ማድ ቤቱም መጸዳጃ ቤቱም የጋራ ነው። ሰፈርተኛው ለቅሶ የሚቀመጥበትና ሠርግ የሚደግስበት ሜዳ ደግሞ በካርታው ላይ ምንም ምልክት የለውም። ለአዲስ ግንባታ ቀድሞ የሚታጨውም እሱው ነው።

በአንድ ሰፈር ይህን ሜዳ ለማትረፍ ስነሣ የሄድሁት ወደ እድሩ ዳኛ ነበር። ከንብረት ያዡ ጋር ድንኳኑን ዘርግተን ለካነው። 6 በ12 ሜትር ነው፤ ገመዱ ሲወጠር ግን ከየጎኑ 2 ሜትር ያህል ይጨምራል። ከኋላው ድስት የሚጣድበት፣ ከፊቱ አግዳሚ ወንበር የጫነ መኪና የሚቆምበት ቦታም ያስፈልጋል።

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን (መላውን ከተማ የሚመራው ዋና ፕላን) ከመሬቱ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶውን ለሕንፃ ይመድባል። ምጣኔው መልካም ነው። ነገር ግን ክፍት ቦታው በመንገድ ዳርና በወንዝ ዳርቻ ተሸንሽኖም ስሌቱ ሊሞላ ይችላል፤ ያን ጊዜ ድንኳን የሚያስተክል አንድ ወጥ ሜዳ አይገኝም። ስለዚህ ደልዳላ፣ መኪና የሚገባበት፣ የውሃ መስመርና የፍሳሽ ቦይ ያለው ቦታ ለብቻው ወሰን ሰጥቼ በረቂቁ ላይ አሰፈርሁ።

የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቁጥር 574/2000 ሕዝቡ እንዲመክርበት ያዝዛል። በአዳራሽ ባለ ቀለሙን ካርታ ሳሳይ ሰው አጨብጭቦ ዝም አለ። ሜዳው ላይ ካስማ ተክለን ወሰኑን በኖራ ስናሰምር ግን እናቶች ተናገሩ፦ «ጭሱ የታመመችው ጎረቤታችን ቤት ይገባል፤ ማብሰያውን ወደ ታች አውርዱት።» አወረድነው። ከዚያ ወዲህ ያለ ካስማና ያለ ኖራ ውይይት አልጠራም።

ፕላኑን የሚገመግሙት ባለሙያዎችም «ማኅበራዊ እሴት» ስላቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ልኬት የሰፈረበትን ንድፍ ሳቀርብ ግን መግቢያው በየት ነው፣ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ሜዳው በዚያ ክርክር ጸደቀ።

ያልተፈታው ነገር ሰዎቹ ናቸው። ለአዲሱ ግንባታ ከሰፈሩ የሚነሡት ነዋሪዎች ወደተለያየ የመኖሪያ ሳይት ከተበተኑ እድሩ ይፈርሳል። አሁን በማጠናው ሰፈር ሁሉ የእድሩን መዝገብ ከነዋሪዎች ቆጠራ ጋር አያይዤ፣ ተነሺዎቹ በአንድ ሳይት አብረው እንዲመደቡ በሪፖርቱ እጠይቃለሁ።