ሆዷ ሙሉ እንቁላል

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሲያትል እንደ ልማዷ ታካፋለች። እኔ እስከ ብብቴ የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሼ ሎንግፌሎው የሚባለው ጅረት ውስጥ ቆሜያለሁ። ከቤት ስወጣ ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፦ «ዓሳ ዓሳ እየሸተትክ እንዳትገባብኝ!»

የዛሬ ሥራችን ሬሳ መልቀም ነው። ኮሆ የሚባለው የሳልመን ዓሳ ዘር በጥቅምትና በኅዳር፣ ዝናቡ ሲመጣ፣ ከባሕር ወደ ጅረት ይወጣል። እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ወጉ ነው። እኛ የምንፈልገው ሳይጥል የሞተውን ነው።

ባዮሎጂስቷ ከግንድ ሥር አንዲት ሴት ዓሳ ጎትታ አወጣች። ለካናት፤ 62 ሳንቲ ሜትር። ጀርባዋ ላይ፣ ወደ ጅራቷ ጠጋ ብላ መኖር የነበረባት ትንሿ ክንፍ ተቆርጣለች። ማራቢያ ጣቢያ ተፈልፍላ የተለቀቀች ናት ማለት ነው። «ጅራቷን እየው» አለችኝ። ለእንቁላሏ ጠጠር የቆፈረች ዓሳ ጅራቷ ተፋፍቆ ይነጣል። የዚህችኛዋ ደህና ነው። ቢላዋውን ሰጠችኝ። ሆዷን ስሰነጥቀው ብርቱካንማው እንቁላል ጓንቴ ላይ ዝርግፍ አለ። እኔ እኮ ዓሳ የማውቀው ባሕር ዳር፣ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ሲመጣ ነው።

እንቁላል ሳይጥሉ ምን እንደሚገድላቸው ለዓመታት ግራ ያጋባ ነበር። አፋቸውን ከፍተው እንደ ሰካራም ይዞራሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ያልቃሉ። በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎች ደረሱበት። የመኪና ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። እሱ አየር ውስጥ ካለው ኦዞን ከሚባል ጋዝ ጋር ሲገናኝ መርዝ ይወጣዋል። አስፋልት ላይ የረገፈውን የጎማ ብናኝ ዝናብ አጥቦ እዚህ ይጨምረዋል። ቸም የሚባለው የኮሆ ዘመድ ደግሞ እዚያው ውሃ ውስጥ ብዙም አይነካው። ያው ጎርፍ በአፈርና በብስባሽ ተጣርቶ ሲገባ ግን ኮሆም ይተርፋል።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ስንት ጎማ ጨርሻለሁ! «ጎማው አለቀ» እላለሁ እንጂ ያለቀው የት ሄደ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሁለተኛ እንዳትቆጠር ጅራቷን ቆርጠን ወደ ውሃው መለስናት። ወረቀቱ ላይ «ሴት፤ አልጣለችም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሦስት አገኘን።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ትልቅ ፌስታል ይዛ በር ላይ ቆማለች። «ልብሱን እዚሁ» አለችኝ፣ አፍንጫዋን ይዛ።