ሰውየው የማንን ደም ነው የሚመልሰው?

የምሠራበት የቴሌቪዥን ጣቢያ ቅዳሜ ማታ የውጭ ፊልም ያሳያል። ፊልሙን የሚመርጡት ሌሎች ናቸው፤ የእኔ ሥራ የአማርኛውን ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። አንድ ሰሞን የድሮ የጃፓን ፊልሞች በርከት ብለው መጡልን። ከመሃላቸው የዳይሬክተር ማሳኪ ኮባያሺ «ሃራኪሪ» ነበረበት፤ ሆድን ቀድዶ ራስን መግደል ማለት ነው። ደስታዬን አልደብቅም፣ ጠረጴዛ ደበደብኩ።

«ሃራኪሪ» እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በዓመቱ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ርዝመቱ 133 ደቂቃ ነው። የእኛ የቅዳሜ ሰዓት ደግሞ ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ኃላፊያችን ለኤዲተሩ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከለት። «ወሬው ይጠር። ያ የቤተሰብ ለቅሶ ምናምን ይውጣ። ሰው ሳሙራይ ብሎ የሚከፍተው ሰይፍ ሊያይ ነው። 85 ደቂቃ አድርግልኝ።»

እኔም ቢሮው ገብቼ «ጋሼ፣ ከዚህ ፊልም ላይ ወሬው ከወጣ የሚተርፍ ነገር የለም» አልኩት።

«አንተ ፊልሙን ታውቃለህ፣ እኔ ተመልካቹን አውቃለሁ» አለኝ። ወጣሁ።

የተቆረጠው ነገር እንዲገባችሁ ታሪኩን ልንገራችሁ። ያላያችሁት ካላችሁ ይቅርታ፣ መጨረሻውንም መናገሬ አይቀርም።

ዘመኑ 1630 ነው፤ ቦታው ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ። ጦርነቱ አብቅቷል። ሾጉኑ፣ ማለትም የአገሩ የጦር ገዢ፣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ እየነቀለ ነው። መስፍኑ ሲነቀል ስሩ ያሉት ሳሙራዮች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ሮኒን ይባላሉ፤ ጌታም ደመወዝም የላቸውም። ሃንሺሮ ከእነዚህ አንዱ ነው። የእሱ ጌቶች ሂሮሺማን የሚገዙት የፉኩሺማ ቤተሰብ ነበሩ። በ1619 ግንባችሁን ያለ ፈቃድ አድሳችኋል ተብለው ግዛታቸውን ተነጠቁ።

ሃንሺሮ ኢዪ ከሚባለው ትልቅ ቤት ደጃፍ ይመጣል። ኑሮ መሮኛል፣ በግቢያችሁ በክብር ሆዴን ቀድጄ ልሙት ይላል። የቤቱ አዛዥ ይጠራጠራል። በዚያ ሰሞን ችግር የጠናባቸው ሮኒኖች እንዲሁ እያሉ ይመጡ ነበርና። ባለቤቶቹም ግቢያቸው ደም እንዳይፈስበት ጥቂት ገንዘብ አስይዘው ይሸኟቸዋል።

ከሃንሺሮ በፊት ሞቶሜ የሚባል ወጣት መጥቶ ነበር። የኢዪ ቤት ሰዎች ለሌላው መቀጣጫ ይሁን ብለው ወሰኑ። እንግዲህ ቃልህን ፈጽም አሉት። የአንድ ሁለት ቀን ጊዜ ስጡኝ ብሎ ለመነ። አልሰጡትም። ሰይፉን ሲያዩት ቀርከሃ ነው። ብረቱን ሸጦታል። ሚስቱ ታማለች፣ ሕፃን ልጁም በትኩሳት እየነደደ ነው። እነሱ ግን በዚሁ በቀርከሃው ሙት አሉት።

ኮባያሺ እዚህ ላይ አይቸኩልም። ቀርከሃው አይቆርጥም። ሞቶሜ ደጋግሞ ይወጋል፣ አይገባለትም። በመጨረሻ እጀታውን መሬት ላይ ተክሎ በሰውነቱ ሙሉ ክብደት ይወድቅበታል። አንገቱን ቆርጦ ሊገላግለው የቆመው ሰው ደግሞ ሰይፉን ይዞ ያዘገይበታል፤ በደንብ ቅደደው ይለዋል። ልጁ ሲብስበት ምላሱን ነክሶ ይሞታል። እኔ ጽሑፉን ስሠራ ይህን ቦታ ድምፁን አጥፍቼ ነው ያለፍኩት።

ሃንሺሮ የሞቶሜ አማት ነው። ልጁም የልጅ ልጁም ከሞቶሜ ቀጥለው ሞተውበታል። ይህን ሁሉ የሚተርከው በዚያው ግቢ ነጭ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ በጦረኛ ተከቦ ነው። አንገቴን እንዲቆርጡልኝ እፈልጋለሁ ብሎ ሦስት ሰዎችን በስም ይጠራል። በሞቶሜ ሞት ዋነኞቹ እነሱ ነበሩ። ሦስቱም በዚያን ቀን «ታመው» ቀርተዋል። ያኔ ሃንሺሮ ሦስት ቁንጮ አውጥቶ መሬቱ ላይ ይወረውራል።

አልገደላቸውም። የራሳቸውን ፀጉር ነው የቆረጠው። ለሳሙራይ ቁንጮውን መነጠቅ ከሞት የከፋ ውርደት ነው። እንደ ደንባቸው ቢሆን በዚያው ሰዓት ራሳቸውን ማጥፋት ነበረባቸው። እነሱ ግን ፀጉራቸው እስኪያድግ አሞናል ብለው ተኝተዋል። ለሞቶሜ ክብርን ሲያስተምሩት የነበሩት እነዚሁ ናቸው! እኔ በፊልም ካየሁት በቀል ሁሉ ይህን የሚያህል አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ኤዲተሩ ልጅ በታዘዘው መሠረት የቆረጠው ይህን ነው። ሞቶሜ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ሚስቱና ሕፃኑም እንዲሁ። የኢዪ ቤት መዝገብ የሚነበብበት መግቢያና መጨረሻም ወጣ። የቀረው አንድ ጢማም ሰውዬ ነው። ግቢ ይገባል፣ ትንሽ ያወራል፣ ፀጉር ይወረውራል፣ ከዚያ የሰው ቤት ያምሳል።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተላለፈ። ስልኩ መጮህ የጀመረው ፊልሙ ሳያልቅ ነው። «ሰውየው ምን ነክቶት ነው?» «ያ ፀጉር የማነው?» አንድ አዛውንት ደግሞ በጎጃምኛ ረጋ ብለው ጠየቁ። «ልጄ፣ ሰውየው የማንን ደም ነው የሚመልሰው?» ስልክ የምታነሳው ልጅ መልስ ስላጣች ወደ እኔ አስተላለፈቻቸው። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ዋናውን ደብቃችሁ ነዋ ያሳያችሁን» አሉ። ተመልካቹን ማን እንደሚያውቀው እዚህ ላይ ተለየ።

በመሠረቱ የሳሙራይ ፊልም ሲቆረጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የሌላው ጃፓናዊ ዳይሬክተር የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» 207 ደቂቃ ነው፤ ለውጭ አገር ሲላክ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀንሶለታል። ከዚያ በፊትም በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ አሜሪካኖቹ ለፊልም ሠሪዎች የክልከላ ዝርዝር አወጡ። በቀልን ትክክል አድርጎ የሚያሳይ፣ ለጌታ ጭፍን ታማኝነትን የሚያወድስ፣ ራስን ማጥፋትን የሚያሞግስ አይሠራም ተባለ። ፍርሃታቸው መሠረት ነበረው። የ47ቱ ሮኒን ታሪክ አገሬው በቃሉ የሚያውቀው ነው። ጌታቸው በ1701 ሾጉኑ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰይፍ መዘህ ሰው አቁስለሃል ተብሎ ራሱን እንዲገድል ተፈረደበት። እነሱ ጊዜ ጠብቀው በ1703 መግቢያ ላይ ደሙን መለሱ፣ ከዚያም ራሳቸውን እንዲገድሉ ታዘዙ። መቃብራቸው ቶኪዮ ሴንጋኩጂ ቤተ መቅደስ ነው፤ እስካሁን ዕጣን ይጨስበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኸው ታሪክ ለሕዝቡ የታማኝነት ትምህርት ሆኖ ቀርቧል።

ኮባያሺ ያንን ትምህርት ቀምሶታል። በጦርነቱ ማንቹሪያ ዘምቶ ነበር። ሥርዓቱን በመቃወም ከተራ ወታደርነት በላይ ማዕረግ አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ ፊልሙ ክብርን የሚያወድስ መስሎ ይጀምርና የክብሩን ባለቤቶች ሆዳቸውን ገልብጦ ያሳያል። ክፉው ሰው ጎራዴ የታጠቀ ጨካኝ አይደለም፤ አዛዡ ነው። ማለትም ቢሮ የሚመራው ሰው። የቤቱን ስም የሚጠብቅ፣ በግል ምናልባት ክፉ ያልሆነ፣ ሁልጊዜ «ደንቡ ነው» የሚል።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራን። የስፖንሰሩ ሰው ሳይቀር ደውሎ ነበርና ነገሩ በቃለ ጉባኤ መያዝ ነበረበት። ኃላፊያችን ለጸሐፊያችን አስጻፋት። «ፊልሙ በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር ምክንያት ተቆራርጦ ተላልፏል።»

ኤዲተሩ ልጅ ከጥግ ሆኖ «ታመው ነው በሉ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያጉረመርም።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሌላው ሰው ግራ ገባው። ሙሉውን ፊልም ያየነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። መጨረሻው እንዲህ ነው፦ ሃንሺሮ አራት ሰው ገድሎ፣ ስምንት አቁስሎ፣ ቤቱ የሚያመልከውን የአያቶች ባዶ ጥሩር አንስቶ ይፈጠፍጠዋል። ጠመንጃ ይዘው ይመጡበታል። ከዚያ ግቢው ይታጠባል፣ ጥሩሩም ተጠጋግኖ ቦታው ይመለሳል። አዛዡ ተቀምጦ መዝገቡን ያስጽፋል። የሞቱት የቤቱ ሰዎች በሙሉ በሕመም ሞቱ ይባላል። ሃንሺሮም ራሱን ገደለ ተብሎ ይጻፋል።

ኃላፊያችን «ምን ያስቃል?» ብሎ ተቆጣ። ቀጥሎም ቃሉን አስተካከለ። «እሺ፣ የቴክኒክ የሚለውን አጥፊው። ‹የኤዲቲንግ ባለሙያው ያለ ኃላፊ ፈቃድ ባደረገው ቅነሳ› በይ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ፊቱ ደም ለበሰ። ጸሐፊያችን ብዕሯን አስቀመጠች። እሷ ፊልሙን በሕይወቷ አይታው አታውቅም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን አልጽፍም» አለች። «የላኩት ድምፅ እኔም ያለሁበት ግሩፕ ላይ ነው ያለው። 85 ደቂቃ አድርግ ብለዋል። እኔ የምጽፈው ነገ ሰው የሚፈርምበትን ነው።»

ማንም አልደገፋትም፣ ማንም አልተቃወማትም። እኔ ራሴ ቀድማኝ ስለተናገረች አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኃላፊያችን ስልኩን አውጥቶ ወደ ላይ እየገፋ ግሩፑን ፈለገ። አገኘው መሰለኝ፣ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «በይ እንግዲያው፣ ‹በኃላፊ ትእዛዝ አጥሮ ተላልፏል፤ በመጪው ቅዳሜ በሙሉ ርዝመቱ ይደገማል› ብለሽ ጻፊ።» ጻፈች። ፈረምን። ይህን ለማለት ስንት ነገር እንደዋጠ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ለእሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 133ቱም ደቂቃ ሄደ። ማስታወቂያው ስለገፋው ዜናው ዘግይቶ ጀመረ፤ የዜና ክፍሉ ሰዎች እስካሁን ያኮርፉናል። ኤዲተሩ ልጅ ደግሞ ሌላ የኮባያሺ ፊልም ይምጣልን ብሎ ደብዳቤ አስገባ፤ «የሰው ልጅ ዕጣ» የምንለውን።

ኃላፊያችን ደብዳቤውን አንብቦ ጠራው። «ሰይፍ አለበት?»

«የለበትም ጋሼ፣ ስለ ጦርነቱ ነው።»

«ስንት ደቂቃ ነው?»

«ሦስት ክፍል ነው። አንድ ላይ ከ9 ሰዓት በላይ ይሆናል።»

ደብዳቤው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። እምቢም እሺም አላለም።