ኢንሹራንሱ የእጄን ሕክምና ሲያቋርጥብኝ ያደረግሁት

ሜሪላንድ ውስጥ ሹሩባ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። መገጣጠሚያዎቼ ከልክ በላይ ይታጠፋሉ፤ ኤለርስ ዳንሎስ የሚባል መገጣጠሚያን የሚያላላ ሕመም ነው፣ ሃይፐርሞባይል የሚባለው ዓይነት። ምርመራው ብዙም አላስቸገረኝ። ሐኪሙ ትንሿን ጣቴን ወደ ኋላ፣ አውራ ጣቴን ወደ ክንዴ አጥፎ፣ ክርኔንና ጉልበቴን አይቶ፣ መዳፌን መሬት አስነክቶ ከ9 ነጥብ ሰጠኝ። እስከ 50 ዓመት ላለ አዋቂ 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ መገጣጠሚያው የላላ ነው ይባላል። ይህን ዓይነቱን የሚለይ የዘረመል ምርመራ ስለሌለ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን መስፈርት ተከትሎ ወሰነና ኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ሥራን ሰውነትን ሳይጎዱ መሥራት የሚያስለምድ ሕክምና) ላከኝ።

ቴራፒስቷ ጎበዝ ናት። ጸጉር ያለው የአሻንጉሊት ጭንቅላት አምጥታ «እስቲ ሥሪ» አለችኝ። ጸጉሩን ሳጠብቅ አውራ ጣቴ ወደ ኋላ ሲቀለበስ አየችው። ወደ ፊት መታጠፍ የሚፈቅድ፣ ወደ ኋላ ግን የማያስኬድ፣ ቀለበት የመሰለ የጣት ድጋፍ (ስፕሊንት) ሰጠችኝ። ቀጭን ነገር አጥብቆ መያዝ ጣትን ስለሚጎዳ የማበጠሪያዬን እጀታ በስፖንጅ አወፈረችው። ደንበኛዬን ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጬ ክርኔን ወደ ጎኔ አስጠግቼ እንድሠራ አስለመደችኝ። ጀበናዬንም አልተወችም፤ ድሮ በአንድ እጅ ጠምዝዤ ነበር የምቀዳው፣ አሁን ሌላው እጄ በጨርቅ ከሥር ይደግፈዋል።

እጄ ሥራውን እየለመደ ሳለ ኢንሹራንሱ አቋረጠው። ደብዳቤው «ታካሚዋ ተሽሏታል» ይላል። ከየት አመጡት ብዬ ፋይሌን አስወጣሁ። በየቀጠሮው «እንዴት ነሽ?» ስባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እናቴ አልጋ ላይ ውላ እንኳ እንዲሁ ነበር የምትለው። ለካ ያቺ ሰላምታ በየገጹ አናት ላይ «ታካሚዋ ደህና መሆኗን ተናግራለች» ተብላ ተጽፋለች። እዚያው ገጽ ታች አውራ ጣቴ እንደወለቀ፣ የበርበሬ ዕቃ መክፈት እንዳቃተኝ ሰፍሯል። ወሳኞቹ እስከዚያ ድረስ ማንበብ አልፈለጉም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የሰው እንጀራ የሚቆርጥ ሰው አንድ ገጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ እንዴት ያቅተዋል?

ስደውልላቸው ሠራተኛዋ «ይግባኝ ጊዜ ይፈጃል፤ አዲስ ሪፈር አምጪና እንደገና ጀምሪ» አለችኝ። ይህን ምክር አትስሙ። ሪፈሩ ቢታደስም ያ ውሳኔ ፋይላችሁ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ይግባኝ በሉ፣ በጽሑፍ። የግል ወይም የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ከሆነ ክልከላው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ፤ የወሰኑበትን ፋይልም በነጻ ሊሰጧችሁ ይገባል። እኔ የገጾቹን ታችኛ ክፍል አስምሬ አያያዝኩ። ቴራፒስቷም ሕመሙ ዕድሜ ልክ አብሮኝ የሚኖር መሆኑን፣ የሕክምናው ዓላማም ሥራዬን ሳልጎዳ እንድቀጥል መሆኑን ጻፈችልኝ። እንደገና ቢከለክሉ በ4 ወር ውስጥ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ ይቻል ነበር፤ እዚያ ሳልደርስ ፈቀዱ።

ሰላምታውን አልተውኩም፤ አስከትዬ ግን «ትናንት አንድ ራስ ሠርቼ ሳልጨርስ አውራ ጣቴ ወለቀ፣ ማታ ሽንኩርት መክተፍ አልቻልኩም» እላለሁ። እናንተም የምትሠሩትንና ያቃታችሁን በስሙ ጥሩ፣ እንዲጻፍም ጠይቁ።

ሌላው፣ ክሊኒኮች ለሁሉም ሰው የሚያድሉት ሰውነት የሚለጥጥ ስፖርት (ስትሬቺንግ) ወረቀት ነው። እኔ አልሠራበትም፤ የላላ መገጣጠሚያ ጡንቻው ነው መጠንከር ያለበት። አገር ቤት ስትሄዱም ወጌሻ እጃችሁን እንዳይስብ።