«ኖ ብዬ እኮ ነው የካድኩት!»

ማክሰኞ ማታ ነበር። ሰሌዳ እያጸዳሁ አንዲት ተማሪዬ ከሁሉም ቀድመው ገቡና ከቦርሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እስቲ ይቺን አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው እናት ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው ናት አሜሪካ ያስመጣቻቸው። ቀን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ፣ በሳምንት ሁለት ማታ ደግሞ እኔ ጋ እንግሊዝኛ ይማራሉ።

ወረቀቷ ማስጠንቀቂያ ናት። 412 ቁጥር ክፍል ሳይጸዳ ተገኝቷል፣ ሠራተኛዋም ስትጠየቅ አለማጽዳቷን አምናለች ትላለች። ከታች የእትዬ ፊርማ አለ።

«አምነዋል ነው የሚለው እኮ» አልኳቸው።

«ማን? እኔ? ኧረ በማርያም! ኖ ብዬ እኮ ነው የካድኩት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉን ጠዋት አጽድተዋል። እንግዳው ተመልሶ ገብቶ ሻወር ወስዶ፣ ፎጣውን መሬት ላይ ጥሎ ወጥቷል። ሱፐርቫይዘሯ ያንን አይታ መጣችና «ዩ ዲድንት ክሊን ፎር ትዌልቭ?» አለቻቸው። እሳቸውም ፈርጠም ብለው «ኖ!» አሉ። ሁለተኛ ጠየቀቻቸው። «ኖ፣ ኖ!»

እውነቱን ለመናገር እኔም ወዲያው አልገባኝም። «ታዲያ 412ን አላጸዱም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆጣ ብለው «አይ! አጽድቻለሁ እንጂ» ሲሉኝ ነው ሰሌዳ ማጥፊያውን እንደያዝኩ የቀረሁት።

እኛ «አልበላህም?» ስንባል፣ ካልበላን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። በልተን ከሆነ «አይ፣ በልቻለሁ»። የምንመልሰው ለጠያቂው ግምት ነው፣ ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል እያልነው። እንግሊዝኛ ግን ጠያቂው ምን ብሎ እንደገመተ ደንታ የለውም። በልተህ ከሆነ ዬስ፣ ካልበላህ ኖ፣ ጥያቄው በየትም በኩል ዞሮ ቢመጣ። እትዬ በጥሩ አማርኛ ነው የካዱት፣ ሱፐርቫይዘሯ ደግሞ በጥሩ እንግሊዝኛ ነው የሰማችው።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ኮርሱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እትዬም የክፍሉ ጎበዝ ተማሪ ናቸው። 12 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ 48 ሰዓት የሚያልቅ የጀማሪ ኮርስ ነበር፣ እኛም ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ነበርን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኤ ቢ ሲ ዲ። ከዚያ «አይ አም፣ ዩ አር»። ከዚያ ቀለማት፣ የቤተሰብ አባላት፣ የእንስሳት ስም። አዎ፣ ክፍል የሚያጸዱና መኪና የሚያቆሙ ትልልቅ ሰዎችን ዝሆንና ቀጭኔ አስተምሬአለሁ። ያለፈ ጊዜ 11ኛው ሳምንት ላይ ነበር የተቀመጠው፣ ምክንያቱም ከባድ ነው። «ዲድንት» ብሎ የሚጀምር ጥያቄማ ጭራሽ የለም። እኔ ራሴ በቃላት ዝርዝርና በሰዋስው ነው የተማርኩት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደብተር ላይ የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ነው የማውቀው። የተማርኩበትን መንገድ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ሱፐርቫይዘሯ ግን 11ኛው ሳምንት እስኪደርስ አትጠብቅም።

ለነገሩ እትዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አስጠንቅቀውኝ ነበር። ሀ ሁን የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም. ነው። «የኛ መ ስሟም መ፣ ድምጿም መ። ይቺ ደብልዩ ያልካት ግን ስሟ ሌላ፣ ድምጿ ሌላ። ታዲያ ስሟን ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ያን ማታ የተዘጋጀውን ትምህርት ተውነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ ለጥያቄው ሳይሆን ለሥራው መልሱ። ሠርታችኋል? «ዬስ፣ አይ ዲድ»። አልሠራችሁም? «ኖ፣ አይ ዲድንት»። ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ሌላውን ሲከስ፣ ሌላው ሲከላከል አመሸን። ዬስ ወይም ኖ ብቻውን ከአፍ እንዳይወጣ ከለከልኩ፣ ጭራው መከተል አለበት፣ ምክንያቱም አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያድነዋል። እትዬ መልሳቸውን እስኪበቃቸው ድረስ አጠኑ፦ «ዬስ፣ አይ ዲድ። አይ ክሊንድ ኢት። ጌስት ከም ባክ»። «ከም» ሳይሆን «ኬም» ልላቸው ነበር። ተውኩት።

በማግስቱ ሄደው ራሳቸው ተናገሩ። ወረቀቷ ከፋይላቸው አልወጣችም፣ ሱፐርቫይዘሯ ግን ከዚያ ወዲህ ክፍሉን አብራቸው ገብታ እያየች ነው የምትጠይቃቸው አሉ።

የቀረውን ኮርስ ቀደድኩት። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራው አንድ ብቻ ሆነ። በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ቦታ የሰማችሁትንና ያልገባችሁን ዓረፍተ ነገር እንደሰማችሁት በፊደል ጽፋችሁ አምጡ። ያመጡትን ብታዩ! «ዊራውታታወልስ» የምትል መጣች፣ ስንፈታት ፎጣ አልቆብናል ሆነች። «ዋቻኒድ» ደግሞ ምን ፈለግክ ነው። ፊደላችን የሰሙትን ሳያበላሽ ይዞ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሰብሬ እከፋፍለዋለሁ። ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ተማሪ ተቆጥቶ ነው የመጣው። አለቃው በየቀኑ ወደ እነሱ እየመጣ «ዩ ኦል ሴት?» ይላል፣ እነሱ ደግሞ ሦስቱም ወንዶች ናቸው። «ሁላችሁም ሴት ናችሁ እያለ ነው የሚሰድበን» ብሎ ደምድሟል። ሁሉ ተሟላላችሁ ወይ ማለቱ ነው ብዬ ስነግረው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ሰውዬውን ለሁለት ወር ሰላም ሳይለው ቆይቷል።

ሰዓትም ራሱን የቻለ ጉድ ነበረው። ሐኪም ቤት በ2 ሰዓት ተቀጥሮ ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት የሄደ ሰው አለ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ጠበቀ፣ ማንም ምን ፈልገህ ነው አላለውም። ስለዚህ የሰዓቱን ትምህርት ወደ ፊት አመጣሁት።

ኮርሱ ሊያልቅ አካባቢ በረዶ ጣለ። ማንም አይመጣም ብዬ እትዬ ጋ ደወልኩ። «ዛሬ አይመጡም አይደል?» አልኳቸው፣ በአማርኛ ነው። «አዎ» አሉኝ። እኔም ክፍሉን ሳልከፍት ቤቴ ተኛሁ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጥርሳቸው በብርድ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

«አዎ አላሉኝም እንዴ?»

«አዎ አልኩህ እኮ! እመጣለሁ ማለቴ ነው። ለጥያቄው አትመልሱ ያልከን አንተ አይደለህም?»